ማጅራት እስኪገትር አይጠበቅ

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለበሽታ ስም ሲያወጡ ዓይናቸው ያየውንና ጆሯቸው የሰማውን ተከትለው ነው። ስለዚህ የበሽታውን ስም የሰማ ሰው ምልክቱንም አብሮ ያውቃል። ትክትክ ሲባል የሳሉ ድምፅ በጆሯችን ይመጣል፤ ቁርጥማት ሲባል አጥንት ሲቆረጥም ይታወቀናል፤ ማጅራት ገትር ሲባልም አንገቱ እንደ እንጨት ደርቆ፥ አገጩን ወደ ደረቱ ማድረስ ያቃተው ሕመምተኛ በዓይነ ኅሊናችን ይታያል። ይህ የስም አወጣጥ ብልኅነት ያለበት ነው። ነገር ግን ስም የበሽታውን አንድ ወገን ብቻ ስለሚናገር፥ ስሙን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሊታለል ይችላል።

በዛሬው ዓምዳችን የምንመለከተው በሽታ በሁለት ስሞች መካከል ሾልኮ የሚያልፍ ነው። አንደኛው ስም «የሳንባ ነቀርሳ» ነው። ይህን ስም የለመደ ሰው ሕመሙ በሳንባ ተጀምሮ በሳንባ የሚያልቅ ይመስለዋል። ሁለተኛው ስም «ማጅራት ገትር» ነው። ይህን የለመደ ደግሞ አንገት እስካልደረቀ ድረስ የሚያሰጋ ነገር የለም ይላል። ከሳንባ ተነሥቶ፥ በደም ተጉዞ፥ የአንጎልን ሽፋን የሚይዘው ነቀርሳ ግን አጀማመሩ ዝግ ያለ፥ ማጅራትንም የሚገትረው ዘግይቶ ስለ ሆነ፥ ሁለቱም ስሞች በጊዜው ሳያስጠነቅቁን ብዙ ሕፃናትን ይወስድብናል። ሐኪሞች የነቀርሳ ማጅራት ገትር ይሉታል።

ከመቀጠላችን በፊት ሁለት ነገር እናስታውስ። ነቀርሳ የምንለው ዛሬ ብዙ ሰው ካንሰር ለሚባለው ሕመም የሚሰጠውን ስም ሳይሆን፥ ቲቢ እየተባለ የሚጠራውን ተላላፊ በሽታ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶችም ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነቀርሳ በአገራችን በከተማም በገጠርም የሚገኝ በሽታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከ2021 እስከ 2025 ላለው ጊዜ ነቀርሳ እጅግ የበዛባቸውን 30 አገሮች ሲመዘግብ ኢትዮጵያንም ጎረቤታችን ኬንያንም ጽፏል። ከዚህም በላይ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የነቀርሳ ሕሙማን መካከል ሲሦ የሚጠጉት ሕመሙ የያዛቸው ከሳንባ ውጭ ባለው የሰውነት ክፍል ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የአንገት እጢ ያበጠባቸው ናቸው፤ ሌሎቹ አጥንታቸው፥ ሆዳቸው ወይም የሳንባቸው ሽፋን የታመመ ነው። ጥቂቶቹ ግን አንጎላቸውና ኅብለ ሰረሰራቸው የተነካ ነው። በቍጥር ጥቂት ቢሆኑም በአደጋው ብዛት ከሁሉ የሚብሱት እነርሱ ናቸው።

ነገሩን በግልጥ ለማየት ሁለቱ አገሮች ወደሚገናኙባት ወደ ሞያሌ እንሂድ። ሞያሌ አንዲት ከተማ ስትሆን በሁለት አገር የምትኖር ናት። በ1907 ከተደረገው የወሰን ስምምነት ወዲህ አንደኛው ጎኗ በኢትዮጵያ፥ ሁለተኛው ጎኗ በኬንያ ሆኗል። ቦሪ የምትባለው ስፍራም በኬንያው ወገን ትገኛለች። የዚያ አካባቢ ሰው ግን ገበያው፥ ዘመዱ፥ ግጦሹና የውሃ ጉድጓዱ በወሰን መስመር አይለይም። ቦረናው፥ ገብራው፥ ቡርጂው፥ ገሪው፥ ሶማሌው ከወዲያም ከወዲህም አለ። በ2020 መጨረሻ በከተማይቱ የጋራ የድንበር መተላለፊያ ጣቢያ ከተመረቀ በኋላ መንገደኛውና ጭነቱ ይበልጥ በቀላሉ ይሻገራል። ሰውና ከብት ሲሻገሩ ሳልም አብሮ ይሻገራል። ስለዚህ በቦሪ አንድ ሕፃን ሲታመም የሳሉ መነሻ የሆነው ሰው ከወዲህ ማዶ ሊሆን ይችላል፤ ከወዲህም ለታመመው መነሻው ከወዲያ ሊሆን ይችላል።

የነቀርሳን ረቂቅ ተሕዋስ ያገኘውና በመጋቢት 24 ቀን 1882 በበርሊን ለሐኪሞች ጉባኤ ያስታወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ነው። ተሕዋሱ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ሳንባው የታመመ ሰው ሲያስል፥ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች በአየር ይቀራሉ፤ በተዘጋ ጎጆ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ሰውም ይስባቸዋል። ከሳቡት ሰዎች አብዛኞቹ ወዲያው አይታመሙም። የሰውነት ኃይል ተሕዋሱን ከቦ ያስረዋል፤ ዕድሜ ልኩንም እንደ ታሰረ ሊቀር ይችላል።

የሕፃን ሰውነት ግን ገና ወታደሩ ያልሠለጠነ ከተማ ነው። ተሕዋሱ ከሳንባ ወደ ደም ይገባል፤ በደምም ወደ መላው አካል ይበተናል። እንዲህ ሲበተን በሳንባ፥ በጉበት፥ በጣፊያና በሌላውም ክፍል ላይ የሚያወጣቸው ጥቃቅን ቍስሎች የማሽላ ፍሬ የተዘራ ስለሚያስመስሉ፥ የቀድሞ ሐኪሞች በዚሁ በእህሉ ስም ጠርተውታል። ከእነዚያ ቅንጣቶች አንዷ በአንጎል ወይም በሽፋኑ ላይ ታርፋለች። እዚያም ሳትታወቅ ሳምንታት ወይም ወራት ትቆያለች። አርኖልድ ሪችና ሃዋርድ ማኮርዶክ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ1933 እንዳስረዱት፥ ይህች ቅንጣት ስትፈርጥ ተሕዋሱ አንጎልን በከበበው ውሃ ውስጥ ይፈስሳል። የሕመሙ መጀመሪያም ይህ ነው።

ከፈረጠ በኋላ በአንጎል ግርጌ ወፍራም ዝልግልግ ነገር ይጋገራል። ይህም ሦስት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛ፥ ዓይንንና ፊትን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ስለሚያንቅ ዓይን ይሸውራል ወይም ፊት ይጣመማል። ሁለተኛ፥ የደም ሥሮችን ስለሚዘጋ አንድ ጎን ይሽመደመዳል። ሦስተኛ፥ የአንጎል ውሃ መውረጃ ስለሚደፈን ውሃው በራስ ውስጥ ተጠራቅሞ አንጎልን ይጫናል። በዚህ ደረጃ የደረሰ ልጅ ቢድን እንኳ የተጎዳው ነርቭ ሁሉ ይመለሳል ማለት አይቻልም።

ይልቁንም የሚያሠጉት እነማን ናቸው ቢባል፥ በመጀመሪያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ቀጥሎ የኤች አይ ቪ ተሕዋስ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ከዚያም ረኀብ ያጠቃቸው ናቸው። በቦረናና በሰሜን ኬንያ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ከብቱ አለቀ፤ ከብቱ ሲያልቅ ወተቱ ነጠፈ፤ ወተቱ ሲነጥፍ የሕፃኑ ገላ ከሳ። ገላ ሲከሳም የታሰረው ተሕዋስ ማሠሪያውን ይበጥሳል።

አሁን እናቶች ከሁሉ በላይ ሊያውቁት ወደሚገባው ነገር እንመለስ። ይኸውም የምልክቱ አመጣጥ ነው። በ1948 የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ሸንጎ የዚህን ሕመም ሕሙማን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር፤ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ ይሠሩበታል።

በመጀመሪያው ደረጃ ሕፃኑ ነቅቶ ያያል፥ ይሰማል፥ እናቱንም ይለያል። ነገር ግን ትኵሳቱ ከፍ ዝቅ እያለ አይለቀውም። መጫወት ይተዋል። ይነጫነጫል። ምግብ ያስጠላዋል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። ያለ ተቅማጥ ያስታውከዋል። አፉን የፈታ ከሆነ ራሴን አመመኝ ይላል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፤ አንድ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት፥ ከዚያም በላይ እየተጎተተ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ማጅራቱ ቢዳሰስ የለዘበ ሊሆን ይችላል።

በሁለተኛው ደረጃ እንቅልፍ ይበዛበታል፤ ሲጠሩት ቶሎ አይመልስም። ዓይኑ ይሸውራል። ያንፈራግጠዋል። የጨቅላው እርግብግቢት ይነፋል። ማጅራት የሚገትረውም ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። በሦስተኛው ደረጃ ራሱን ይስታል። ሕክምና ካላገኘም በሽታው ከጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታል።

እንግዲህ ስሙ የሚነግረን ምልክት የሁለተኛው ደረጃ ምልክት መሆኑን ልብ ይሏል። ማጅራት እስኪገትር የጠበቀ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ደረጃ፥ ማለት ልጁን በሙሉ ጤንነት ለማዳን የሚቻልበትን ጊዜ አሳልፏል።

ይህ እንዲሆን ያደረገው የሕዝቡ ስንፍና አይደለም። አገራችን በ1981 እና በ1989 ታላላቅ የማጅራት ገትር ወረርሽኞችን አይታለች። ያ ማጅራት ገትር በሌላ ተሕዋስ የሚመጣ ነው፤ ጧት ደኅና የነበረውን ሰው ማታ የሚጥል፥ በአንድ ወቅት ብዙ ሰፈር የሚያዳርስ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ያንን ነው። የነቀርሳው ግን እንደ ወረርሽኝ አይጮኽም። እንደ ሌባ በጓሮ ይገባል።

በዝግታ ስለሚገባም ሌላ ስም ይሰጠዋል። ጥርስ እያበቀለ ነው ይባላል። ምች መታው ይባላል። ልጁ እንግዳ ጠባይ ሲያሳይ የሰው ዓይን ነው የሚል አይጠፋም። ከጤና ጣቢያ ሲደርስም ትኵሳትና ትውከት የብዙ በሽታ ምልክት ስለ ሆነ ለወባ ወይም ለታይፎይድ የሚሆን መድኃኒት ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል። በዚህ የሚወቀስ አንድ ሰው የለም፤ በሽታው ለሐኪምም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የእናት ቃል እዚህ ላይ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። «ልጄን ከታመመ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ የተሰጠው መድኃኒት አልረዳውም፤ በቤታችን የሚያስል ሰው አለ» ብላ የምትናገር እናት የምርመራውን ግማሽ ሠርታለች። ሳትጠየቅም ቢሆን ይህን ትናገር።

ሁለት ሳምንት መዘግየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ቍጥር አለ። ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ በ2014 የወጣ ጽሑፍ እንዳመለከተው፥ በዚህ ሕመም ተይዘው ሕክምና ካገኙት ሕፃናት መካከል ከ5 አንዱ ያህል ይሞታል፤ ከተረፉትም ከግማሽ የሚበልጡት የነርቭ ጉዳት ይቀርባቸዋል። መስማት የተሳነው፥ ማየት የተሳነው፥ እግሩ የማይታዘዝለት፥ ትምህርት የማይገባው ልጅ ከዚህ ይወጣል። በመጀመሪያው ደረጃ መድኃኒት የጀመሩት ልጆች ግን ብዙዎቹ ደኅና ሆነው ያድጋሉ። ልዩነቱ ያለው በመድኃኒቱ ዓይነት ሳይሆን በተጀመረበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ የቀድሞውን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሮበርት ዊት ስለዚህ ሕመም የጻፈው መጽሐፍ በ1768 ከወጣ ጀምሮ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ፥ በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ይድናል ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ሐኪም አልነበረም። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በአልበርት ሻትዝና በሴልማን ዋክስማን ተገኝቶ በ1944 ሲገለጥ፥ በ1952ም አይሶኒያዚድ ሲጨመር፥ ሞት ብቻ የነበረበት በር ተከፈተ። ዛሬ በቦሪ ወይም በደብረ ማርቆስ የምትኖር እናት እጅ የሚገኘው መድኃኒት ከሰማንያ ዓመት በፊት በዓለም ላይ ለማንም ሀብታም የማይገኝ ነበር። በኢትዮጵያም በኬንያም በመንግሥት ጤና ተቋሞች የነቀርሳ መድኃኒት የሚሰጠው በነፃ ነው።

ከሆስፒታል ሲደረስ ሐኪሙ ከወገብ በኩል በመርፌ ጥቂት ውሃ ለመቅዳት ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ ይደነግጣል። «ልጁ ሽባ ይሆናል» እየተባለ ስለሚወራ ልጃቸውን ታቅፈው የሚመለሱ አሉ። ወሬው ትክክል አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪክ ክዊንከ በ1891 ያስተማረው ይህ ዘዴ የሚሠራው ኅብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ስለ ሆነ መርፌው አይነካውም። ሽባ የሚያደርገው በሽታው ነው። የሚቀዳውም ውሃ በነቀርሳው ጊዜ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ መጥራቱ ግን ጤና ነው ማለት አይደለም። በውስጡ ያለው ስኳር ማነሱና ፕሮቲኑ መብዛቱ ይመረመራል፤ የተሕዋሱን ዘር ለይቶ የሚያሳየው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያም ይረዳል። ተሕዋሱ በውሃው ውስጥ ጥቂት ስለ ሆነ ምርመራው ምንም ባያሳይ እንኳ፥ ሐኪሙ በምልክቱ ተመርቶ መድኃኒት ሊያስጀምር ይችላል። ይህን ሲያደርግ በግምት ተጫወተብን ሊባል አይገባም፤ ጊዜውን አድኗል።

ሕክምናው ረዥም ነው። የሳንባው ነቀርሳ በተለመደው ሥርዓት 6 ወር ሲታከም፥ የአንጎሉ ግን በአገራችንም በኬንያም በተለመደው መመሪያ 12 ወር ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወሮች አራት መድኃኒቶች፥ በቀሩት 10 ወሮች ሁለት መድኃኒቶች ይሰጣሉ። ከዚህም ጋር በመጀመሪያ ሳምንታት የአንጎሉን እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ይታከላል፤ በቬትናም በ545 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2004 የወጣው ጥናት ይህ መድኃኒት ከሞት የሚያተርፍ መሆኑን አሳይቷል። መድኃኒቱ ሲጀመር የልጁ ሽንት ወደ ቀይ ብርቱካን ቢለወጥ ደም አይደለምና እናት አትደንግጥ፤ ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ቀለም ነው። ነገር ግን ዓይኑ ቢጫ ቢሆን ወይም ማየት ቢቸግረው በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር።

ችግሩ የሚመጣው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ነው። ልጁ ይጫወታል፥ ይበላል፥ ይሥቃል። «ድኗል» ተብሎ መድኃኒቱ ይተዋል። ለአርብቶ አደሩ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ ዝናብ በወዲያ ዘንቧል፥ ከብቱ መንቀሳቀስ አለበት። ከብቱን ትቶ ለአንድ ዓመት በከተማ ተቀመጥ ማለት ሌሎቹን ልጆች አስርብ ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ የሕክምና ሥርዓት በሽተኛውን ጠፋብን እያለ ሲከስ ይኖራል።

ይህን ከተረዱት አንዷ ከሞያሌ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በዋጂር የሠሩት ኢጣሊያዊት አናሌና ቶኔሊ ነበሩ። በሙያቸው የሕግ ሰው የነበሩት እኚህ ሴት በ1976 የዓለም የጤና ድርጅት ለአርብቶ አደሮች የነቀርሳ ሕክምና ባወጣው የሙከራ ሥራ ላይ ኃላፊ ሆኑ። ሕሙማኑን በግንብ ቤት ከመዝጋት ይልቅ፥ በሕክምናው ማዕከል አጠገብ በራሳቸው ልማድ ጎጆአቸውን ተክለው፥ በየቀኑ መድኃኒታቸውን በሰው ፊት እየዋጡ፥ እስኪድኑ ድረስ እንዲሰፍሩ አደረጉ። እንዲህ ያለው ሰፈር በአገሩ ቋንቋ ማንያታ ይባላልና በሰሜን ኬንያ የነቀርሳ ማንያታ እየተባለ ታወቀ። መድኃኒትን በሰው ፊት የማስዋጥ ሥርዓት በኢትዮጵያ በ1992 በአርሲና በባሌ ለሙከራ ሲጀመር፥ በዋጂር የታየው ትምህርት አሥራ ስድስት ዓመት አስቆጥሮ ነበር። አናሌና ቶኔሊ በ2003 የናንሰን ሽልማት ከተሰጣቸው በኋላ በዚያው ዓመት ጥቅምት 5 ቀን በቦረማ በነፍሰ ገዳይ ጥይት ሞቱ። ያስተማሩት ነገር ግን አልሞተም፤ ይኸውም በሽተኛው ወደ መድኃኒቱ መምጣት ካቃተው መድኃኒቱ የበሽተኛውን ኑሮ መምሰል እንዳለበት ነው።

ስለዚህ ወሰን ተሻግሮ ለሚሄድ ቤተሰብ የምንሰጠው ምክር ይህ ነው። ከመንቀሳቀስ በፊት ለሕክምናው ሠራተኛ ይነገር። የዝውውር ወረቀት ይጠየቅ። የመድኃኒቱ ካርድ ከልጁ ልብስ ጋር ሳይሆን ከገንዘብ ጋር ይቀመጥ። በሞያሌ በሁለቱም ወገን ሆስፒታል ስላለ በአንዱ የተጀመረው በሌላው ሊቀጥል ይችላል፤ በካርዱ ላይ የተጻፈው የመድኃኒት ስም በሁለቱም አገር አንድ ነው። ጠበሉንም፥ ጸሎቱንም፥ ዱዓውንም የሚከለክል የለም፤ የሚከለከለው ስለ እነርሱ ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቤቱ እንናገር። የአንጎል ነቀርሳ የያዘው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ለሌላ አያስተላልፍም። ስለዚህ መጠጫውን መለየት፥ ከወንድሞቹ ማራቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ሕፃኑ መልእክተኛ ነው። እርሱ ከታመመ፥ በአጠገቡ ሳንባው የታመመ ትልቅ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሕፃኑን ከሁሉ በላይ የሚወድደው፥ በእቅፉ የሚያስተኛው ነው፤ አያት፥ አጎት ወይም ሞግዚት ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለ ሁሉ አክታውን ይመርመር። በቤቱ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ከተገኘም፥ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ልጆች ባይታመሙም ተመርምረው ለጥቂት ወራት የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት ሊሰጣቸው ይገባል። ይህ ከሁሉ የረከሰና ከሁሉ የተዘነጋ መከላከያ ነው።

ከእርሱ በፊት የሚመጣ ሌላ ጋሻም አለ። ካልሜትና ጌራን የተባሉ ፈረንሳውያን ከ1908 እስከ 1921 ድረስ ለ13 ዓመት የከብቱን ነቀርሳ ተሕዋስ እያራቡ ካደከሙት በኋላ ቢሲጂ የተባለውን ክትባት አወጡ። በ1921 በፓሪስ መጀመሪያ የተሰጠው እናቱ በነቀርሳ ለሞተችበት፥ ነቀርሳ ባለባት አያቱ ዘንድ ሊያድግ ለነበረ ጨቅላ ነው። ቢሲጂ በትልቅ ሰው ሳንባ ላይ ያለው ኃይል አከራካሪ ቢሆንም፥ ሕፃናትን ከአንጎሉና በመላው አካል ከሚበተነው ነቀርሳ በደንብ እንደሚከላከል የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ በ1980 የተጀመረው የክትባት ፕሮግራም ካካተታቸው ክትባቶች አንዱ ነው። በተወለደ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ቶሎ ይሰጥ። በክንዱ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ለልጁ ጌጥ ነው።

ስለ ወተትም አንድ ቃል እንጨምር። የከብት ነቀርሳ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ዘንድ የተደረገ ጥናት በሰዎቹ ላይ ያገኘው ተሕዋስ በአብዛኛው የሰውን ዓይነት ሲሆን፥ የከብቱ ዓይነት በጥቂቶች ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ዋናው ጠላት ሳል ነው፤ ወተቱ ግን የተናቀ በር ሆኖ አይቀር። በቦረናና በሰሜን ኬንያ ወተት ከሻይ ጋር ፈልቶ የሚጠጣበት ልማድ እጅግ የተመሰገነ ነው። ለሕፃኑ የሚሰጠውም የላም ሆነ የግመል ወተት እንዲሁ ይፈላ።

በመጨረሻ፥ ነርቭን የሚጎዳው ነቀርሳ በአንጎል ብቻ እንደማይወሰን ይታወቅ። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እንደ ገለጠው አከርካሪን ሲበላ ጀርባን ያጎብጣል፤ ኅብለ ሰረሰርን ሲጫን እግርን ያሰንፋል። ለወራት የማይለቅ የጀርባ ሕመም፥ በተለይ ትኵሳትና መክሳት ከተከተሉት፥ የሸክም ድካም ነው ተብሎ አይተው። ይህም በጊዜው ሲታከም ብዙ ጊዜ እግር ይመለሳል።

ልጅዎ ሳምንት ያለፈው ትኵሳት፥ ራስ ምታት ወይም ትውከት ካለበት፥ መጫወት ከተወ፥ እንቅልፍ ከበዛበት፥ በቤትም የሚያስል ሰው ካለ፥ ማጅራቱን ዳሰው ለስላሳ ሆኖ ስላገኙት አይጽናኑ። ልጁን ይዘው ከሆስፒታል ይሂዱ፤ ዛሬ ካልተረዳዎት ነገ ይመለሱ። ማጅራት ገና ለዝቦ ሳለ የተነሣች እናት ልጇን በእግሩ እያስሄደች ትመለሳለች።